«ደንበኞቼ» ያልካቸው እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። ያልተገደበ ተብሎ የተሸጠልን የኢንተርኔት መስመር አለን። ቀን ደህና ይውልና ማታ ቪዲዮ ሲከፈት ይንቀረፈፋል፤ ፌስቡክና ቴሌግራም ግን አንድም ቀን አላስቸገሩም። ደንበኞቼ አማረሩ። በአሜሪካ አንዱን ገጽ አፍጥኖ ሌላውን ማዘግየት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ‘የኢንተርኔት ገለልተኝነት’ ይባላል ሲሉ በአንድ ቪዲዮ ሰማሁ። አገልግሎት ሰጪውን ከስሼ ካሣ ማግኘት እችላለሁ? መስመሩ በእህቴ ባል ስም ነው፤ ይህ ችግር ይኖረዋል? የፍጥነት መለኪያውን ፎቶ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከውን ባጭሩ ልመልስልህና ወዳልጠየቅከው ልለፍ።

አሜሪካን ለጊዜው ተወው። እዚያ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ጠንከር ያለውን የገለልተኝነት ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። በ2017 ራሱ ሻረው፣ በ2024 መልሶ አወጣው፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። አንተ ያየኸው ቪዲዮ የቆየ መሆን አለበት። ህንድ በ2016 እንደ ይዘቱ ዋጋ መለያየትን ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም የራሱ ደንብ አለው። የኩባንያዎቹ ክርክር «ቪዲዮ መስመሩን ይሞላዋል፣ መስመር የዘረጋ ሊያስተዳድረው ይገባል» የሚል ነው። ተቃራኒው ወገን ደግሞ የመስመሩ ባለቤት ማን ይፍጠን፣ ማን ይዘግይ ብሎ ከመረጠ አዲስ የሚገባ ድርጅት መድረሻ የለውም ይላል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ ፓኬጅ ብቻ ያደገ ልጅ ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የእኔ ማድላት ችሎት ላይ አይጠቀስም።

በእኛ አገር በዚህ ስም የወጣ ራሱን የቻለ አዋጅ የለም። ያለን የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 እና በእርሱ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ይጠብቃል፤ ማታ ማታ ለሚንቀረፈፍ ቪዲዮ ግን ሩቅ መንገድ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ የተዘጋበትንም ጉዳይ ከዚህ ጋር አትቀላቅል። ያ ሁሉንም በአንድነት መዝጋት ነው፤ ይህ ከተከፈተው መካከል ማበላለጥ ነው። በአንድ አቤቱታ ካጨቅካቸው ሁለቱም ይበላሻሉ።

ስለዚህ በእጅህ ያለው የውል ጉዳይ ነው። ውሉ «ከዚህ መጠን በኋላ ፍጥነት ይቀንሳል» ይላል? ብዙ ጊዜ ይላል። ቃሉ የተጻፈው በድርጅቱ ጥቅል የውል ሁኔታዎች ውስጥ ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1686 መሠረት ውል ተቀባዩ አውቆ ካልተቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ካላጸደቀው አያስገድደውም፤ ክርክር አለው ማለት ነው። ከክስ በፊት በቁጥር 1772 የሚጠየቀው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ቅሬታው መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ መልስ ከጠፋ ለባለሥልጣኑ ይቀርባል።

አሁን ወደ ፎቶው። መለኪያውን ስታነሣ ከጀርባው ያለው ግድግዳም ገብቷል። የተለጠፈውን ወረቀት አጉልቼ አነበብኩት፦ «1 ሰዓት 10 ብር። ፈጣን 20 ብር። ቲክቶክና ዩቲዩብ በ10 ብር አይሠራም።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይኸ ነው። በአንተ ቤት ለዋይፋይ ካርድ 10 ብር የከፈለ ተማሪ የሚያየውን የምትመርጥለት አንተ ነህ። ይህን የምለው ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። ዳታው በተዘጋ ጊዜ ሰው ሲቸገር አይተህ እንደጀመርከው እገምታለሁ፤ ለፈተና ምዝገባ ከገጠር የመጣ ልጅ በአንተ በኩል ሳይመዘገብ አልቀረም። ደብዳቤህ ውስጥ ግን «ደንበኞቼ» ብለህ ስለ ንግድ ፈቃድ ዝም ብለሃል። «በእህቴ ባል ስም» ያልከውንም እንደ ዋዛ ከመጨረሻው ወርውረኸዋል። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው፦ በሌላ ሰው ስም የወጣ የመኖሪያ ቤት መስመር ለሕዝብ መሸጥ። ከቀላሉ ልጀምር። ክስ ብታቀርብ የመጀመሪያው መቃወሚያ «ይህ ሰው ከእኛ ጋር ውል የለውም» የሚል ይሆናል። በክርክሩ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33 ነው። የእህትህ ባል ውክልና ቢሰጥህ ይህኛው ይቃለል ይሆናል። ቀጥሎ ግን ድርጅቱ የአጠቃቀም መዝገቡን ያቀርባል። በአንድ መኖሪያ ቤት ማታ ማታ 40 ስልክ ሲገባና ሲወጣ ይታያል። ያን ጊዜ መስመሩ ያዘገመው በድርጅቱ ነው ወይስ አንተ በሸጥከው ካርድ ብዛት? ይባስ ብሎ ውሉ ለሌላ መሸጥን የሚከለክል ከሆነ የተከሳሽ ከሳሽነት ያነሣና፣ ማለትም መልሶ ይከስህና፣ አንተ ካሣ ጠያቂ ሆነህ ገብተህ ካሣ ተጠያቂ ሆነህ ትወጣለህ።

ከዚህ የሚከብደው ወንጀሉ ነው። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዋይፋይ በካርድ መሸጥ በዚህ ይሸፈናል ወይ? እኔ ብቆምልህ «አይሸፈንም» ብዬ በብርቱ እከራከራለሁ። ክርክሩ የሚፈተንብህ ሰው አንተ እንድትሆን ግን አልመኝልህም። በተጨማሪ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። አንተም አገልግሎት ሰጪ ነህ ቢባል መዝገብህ የት አለ?

አንድ ቀን አንዱ ደንበኛህ ከደጅህ ተቀምጦ ሰው የሚያጭበረብር መልእክት ቢልክ፣ ፖሊስ ተከታትሎ የሚደርሰው በውሉ ላይ ካለው ስም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወክዬ አውቃለሁ፤ መስመሩ በሚስቱ ስም ነበር። ጣቢያ የተጠራችው እርሷ ናት፣ ራውተሩን በእጇ ነክታው እንኳ አታውቅም። እንደ ምስክር ተጠርታ ወጣች፤ እስክትወጣ የነበረውን ሦስት ቀን ግን ባልየው እስካሁን አልረሳውም። አባቶቻችን ለአንድ ስንዝር ድንበር ዓመታት ሲሟገቱ ድንበሩ በማን ስም እንደሆነ አጣርተው ነበር። አንተ ያንን አላጣራህም።

ስለዚህ ክሱን አታቅርብ፤ ቢያንስ አሁን አታቅርብ። ካርድ መሸጡንም ዛሬ አቁም። ራውተሩ ላይ ያለውን መዝገብ ግን እንዳትነካ፣ እንዳታጠፋ፤ ማጥፋት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። በራስህ ስም ንግድ ፈቃድ አውጣና የድርጅት መስመር ጠይቅ፤ ለደንበኛ ማጋራት ይፈቀድ እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቀህ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። በመስኮት የተነገረህ «ችግር የለውም» ማስረጃ አይሆንም። የፍጥነት ልኬቱን ከፈለግህ ቀጥል፣ ነገር ግን ሌላ ስልክ ሁሉ ተነቅሎ፣ በገመድ፣ ቀንና ሰዓቱ እየተጻፈ ይሁን።

ይህ ጽሑፍ ውልህን ሳላይ የተሰጠ አጠቃላይ ሐሳብ ነው፤ አዋጆቹም ይሻሻላሉ። እዚያው ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሰነዶችህን ይይልህ። ውሉን ከጀርባው ጭምር፣ የከፈልክባቸውን ደረሰኞች፣ ያስገባኸውን ቅሬታ ቁጥር ይዘህ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ የእህትህን ባል አግኘውና በስሙ ምን እየተሠራ እንደሆነ ንገረው፤ ጠበቃው ዘንድም አብሮህ ይምጣ።