ሬዲዮው አልተበላሸም ነበር

ባለፈው ወር ለጀማሪ የሬዲዮ አዘጋጆች ሥልጠና ስጥ ተብዬ ሄጄ ነበር። ያወራሁት ስለ አድማጭ ቁጥር ነው። ስንት ሰው እንደሚሰማን በምን እናውቃለን፣ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ድርጅት ምን ይጠይቃል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። መሀል ላይ፣ አድማጭ የለውም ተብሎ የተዘጋ አንድ የአረጋውያን ፕሮግራም እንደ ምሳሌ አነሳሁ። ላልፈው ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና "ጋሼ፣ ማንም እንደማይሰማው በምን አወቃችሁ?" አለችኝ።

"በቴክስት" አልኳት።

እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ወደ ሌላ ርዕስ ገባሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያልመለስኩላትን ለእሷም፣ ወደ ሬዲዮ ለምትመጡት ሁሉም ልጻፈው።

ፕሮግራሙን የዘጋሁት እኔ ነኝ። 2003 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ የፕሮግራም ኃላፊ ነበርኩ። የጣቢያውን ስም ልተወው። ፕሮግራሙ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይተላለፍ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት። አዘጋጁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የጡረታ ጉዳይ የሚያልቀው የት ሄደው ነው፣ የትኛው የጉልበት ሕመም ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ድሮ እንትን ሰፈር ማን ነበር፣ ይህን ሁሉ ያወራሉ። እጃቸው የደረሰውን ደብዳቤ ያነባሉ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ስልክ ቁጥር ሲሰጡ "እንደገና ልበለው" ብለው ይደግሙታል፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። ከንግግራቸው ሥር ሙዚቃ አይፈልጉም። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር። አንዳንዴ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ጊዜውን ማወቅ አለባችሁ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የጀመረው በ1992 ነው። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ሸገር 102.1፣ ዛሚ 90.7 እያሉ የግል ጣቢያዎች መጡ፣ ፉክክሩ ጦፈ። የአየር ሰዓት ዋጋ ያለው ነገር ሆነ። ተባባሪ አዘጋጆች ሰዓት ይገዛሉ፣ ስፖንሰር ያመጣሉ። ኤስኤምኤስ ደግሞ ከምርጫ 97 በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቶ በ2000 ነበር የተከፈተው። ሕዝቡ ቴክስት ጠምቶት ነበር ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኳስ ላይ አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ስክሪኑ ይጥለቀለቃል። እኛም ቴክስቱን ቆጥረን "ይኸው አድማጭ" ማለት ጀመርን። ሌላ መለኪያ አልነበረንም።

የመምህሩ ፕሮግራም በወር 10 ቴክስት አይሞላም ነበር።

አንድ የስፖርት አዘጋጅ ያንን ሰዓት ፈለገ። የቢራ ስፖንሰር ይዞ ነው የመጣው። ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ፣ ተፈረመ፣ አለቀ። መምህሩን ቢሮዬ ጠርቼ ነገርኳቸው። "ልሰናበታቸው?" አሉኝ። እኔ ግን ስንብት ሲሰማ ቅሬታ ይመጣል ብዬ ሰጋሁ። "ግድ የለም፣ ሌላ ሰዓት እንፈልግልዎታለን" አልኳቸው። ሌላ ሰዓት አልነበረም። በሚቀጥለው ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ስለ አርሰናል ወሬ ተጀመረ።

አንድም ቴክስት አልመጣም። ልክ ነበርኩ ብዬ አሰብኩ።

ሰባት ወር ካለፈ በኋላ የጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ፈለገ። ቁልፉ ሥራ ከለቀቀች ጸሐፊ ጋር ቀርቶ ነበር። ከቴክስቱ በኋላ ፖስታ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ሣጥኑ ሲከፈት ሞልቷል። ሞልቶ የተረፈውንም ፖስታ ቤቱ በጆንያ አስቀምጦልናል። አብዛኛው ለመምህሩ የተጻፈ ነው። ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሆለታ፣ ከጉለሌ፣ ከቄራ። በካርቦን የተጻፈ፣ በልጅ ልጅ እጅ የተጻፈ፣ ከደብተር የተቀደደ። አመሻሽ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ግማሹ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ የተላከ ነው። የቀረው ከተዘጋ በኋላ የተላከ፣ ጥያቄው ሁሉ አንድ ዓይነት። መምህሩ ታመዋል? ምን አገኛቸው? የሞቱ እንደሆን እንኳ ንገሩንና ለቅሶ እንቀመጥላቸው።

አንዷ እናት የጻፉት ነው ከእጄ አልወጣ ያለው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ማክሰኞ በሰዓቱ ከፍተው ኳስ ሲሰሙ ሬዲዮናቸው የተበላሸ መሰላቸው። ጣቢያው ሸሽቶ ሌላ የገባ መስሏቸው ጠጋኝ ጋ ወሰዱት። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና አስከፍሏቸው መለሰው። ሐሙስ ከፈቱት፣ ያው ነው። እንደገና ወሰዱት፣ እንደገና ከፈሉ። ደብዳቤው የሚያልቀው እንዲህ ብሎ ነበር፤ ጠጋኙ ደህና ነው ይለኛል፣ እናንተ ጋ ነው ወይስ እኔ ጋ ነው ብልሽቱ?

ከጡረታ ደሞዝ ነው ሁለት ጊዜ የከፈሉት። አንድ ደቂቃ ስንብት ብፈቅድ ኖሮ አይከፍሉም ነበር።

እዚህ ላይ አባቴን ላንሳ፣ ታገሱኝ። አባቴ በቆዳ ከረጢት የሚያዝ ሬዲዮ ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ለማታው ዜና ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለድ በሚተርክበት ሰዓት ቤታችን ውስጥ ሳል እንኳ የተከለከለ ነበር፤ ጎረቤት ይመጣል፣ በርጩማ ይጎድላል፣ ደጃፍ ላይ የሚቆም አለ። ይህን ያህል ሰው ሬዲዮ ጣቢያው በምን ይቆጥረው ነበር? አንድ ሬዲዮ፣ አሥራ አምስት ሰው። እኔ ያደግኩት እዚያ ቤት ነው፤ አድማጭ ማለት ድምፅ የማያሰማ ሰው እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

ወደ ነርሷ ልመለስ። አድራሻቸው ደብዳቤው ላይ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ ሄድኩ። ጉለሌ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ የቀበሌ ቤት። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። የማስተካከያው መስታወት ላይ ቁራጭ የሕክምና ፕላስተር ለጥፈዋል፣ መርፌው ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ የእኛ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው መጣሁ ስላቸው እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ። ቡና ፈላ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ቃሉን መንገድ ላይ ሳዘጋጀው ነው የመጣሁት።

"መምህሩ ሞቱ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"ኧረ ደህና ናቸው" አልኩ። "ትንሽ አሟቸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ።"

ለምን እንዳልኩት ዛሬም በደንብ አይገባኝም። ፊታቸው ሲበራ አየሁና መመለስ አቃተኝ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ መርቀውኝ ወጣሁ። መምህሩ አልታመሙም፣ ከፋሲካ በኋላም አይመለሱም፣ ሰዓቱ ለዓመት ተሽጧል።

አሁን ምክር ጠብቃችሁ ይሆናል። ሰዓት አክብሩ፣ ተዘጋጅታችሁ ግቡ፣ ይህንን ከትምህርት ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል፣ አልደግመውም። የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጆሮ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጨ የሚባሉት ይደበዝዛሉ። ሰውየው እየተናገራችሁ እንደሆነ ይሰማል፣ ምን እንዳላችሁ ግን አይለይም። ከንግግራችሁ ሥር ሙዚቃ ስትለቁ ደግሞ ያንኑ የቀረውን ትሸፍኑበታላችሁ። ድምፁን ቢጨምር ሙዚቃውም አብሮ ይጨምራል። እኔ አሁን ስድሳን አልፌያለሁ፣ በራሴ ጆሮ አየሁት። መምህሩ ሙዚቃ አልፈልግም ያሉት ኋላ ቀር ስለሆኑ አልነበረም፤ ለማን እንደሚናገሩ ስለሚያውቁ ነው። እናንተ ደግሞ በጣም ትፈጥናላችሁ። ሦስት ሆናችሁ ስቱዲዮ ትገቡና እርስ በርስ ትሳሳቃላችሁ፤ ውጭ ያለው ሰው በምን እንደሳቃችሁ አያውቅም። ግማሹ አረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ነው። ይህን ስል ደስ እንደማይላችሁ አውቃለሁ። ግን እኛ ሪል የሚባለውን የድምፅ ክር በምላጭ ቆርጠን በፕላስተር እየቀጠልን ቀኑን ሙሉ የምንሠራውን እናንተ በስልካችሁ በሩብ ሰዓት ትጨርሱታላችሁ፤ የተረፋችሁን ጊዜ ቀስ ብሎ ለመናገር ብታውሉት ምን አለበት?

ሁለተኛው ስለ ቁጥር ነው። ቁጥር አያስፈልግም አልልም፤ ያለ ገቢ ጣቢያ አይቆምም፣ ደሞዝ መክፈል ነበረብኝ። ግን ቁጥሩ ማንን እንደማያይ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ አድማጩ የሳምንቱን ማስታወሻ ደብተር ላይ ይመዘግብ ነበር፤ በእነሱ 2007 ገደማ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች ኪስ ውስጥ የሚያዝ፣ የጣቢያውን ድምፅ የሚለይ መሣሪያ መጣ። እንዲህ ተራቅቀው ለክተውም ማስታወቂያ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን ነው። ሰው 55ኛ ዓመቱን ባከበረ ማግስት ከዝርዝሩ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ የሚውለው ግን እሱ ነው። እንግሊዝ አገር ቡም ሬዲዮ የሚባል ጣቢያ በእነሱ 2021 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተወለደው ትውልድ ብሎ ተከፍቶ፣ ይኸው በማስታወቂያ ይኖራል። የእኛ ጡረተኛ ደሞዝ ትንሽ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ ለልጅ ልጅ የሚገዛውን የሚወስነው ማን ነው? እኛ አንድም ቀን ይህን ይዘን ስፖንሰር ጋ አልሄድንም። ያ የቢራ ገንዘብም ቢሆን ዘላቂ አልሆነም፤ በእኛ 2011 የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በሕግ ሲታገድ ጣቢያዎች ሁሉ ስፖንሰር ፍለጋ ተሯሯጡ።

"ለአረጋውያን ለየት ያለ ፕሮግራም ይኑር" ብዬ የምጨርስ ይመስላችኋል። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አይደለሁም። ነርሷ ያን ቀን ቡናውን እየቀዱ "ያ ኳስ የሚያወራው ልጅ ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አሁን እሱንም እሰማለሁ" ብለውኛል። የቡድኖቹን ስም ሁሉ ይዘዋል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቆርጦ መስጠቱ ብቻውን መልስ አይመስለኝም፤ ዜናውም፣ ኳሱም፣ ማስታወቂያውም ለእሳቸው እንዲሰማ ሆኖ ቢነገር ይሻላል። ደግሞ መምህሩን የመሰለ ሰው ካገኛችሁ ሰዓቱን አትንኩበት። ሁለቱንም እላለሁ፣ አስማሙት።

ስልክ ደግሞ ለሁሉም አይሆንም። የስልክ ኤፍ ኤም ብዙውን ጊዜ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ገመድ አይዝም፣ ገመዱ ነው አንቴናው። አያታችሁን ሬዲዮ ቀረብኝ ሲሉ "ስልክዎት ላይ አለ" ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ፕሮግራም ስትዘጉም አየር ላይ ወጥታችሁ ዘጋን በሉ። ወዴት እንደሄደ ንገሩ፣ ለሁለት ሳምንት ደጋግማችሁ ንገሩ። ቅሬታ ይምጣ።

ለልጅቷ ሥልጠናው ላይ ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀረ። ከነርሷ ቤት ከተመለስኩ በኋላ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ እኔው ጋ አስቀረሁት፣ በየሳምንቱ እከፍተው ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ በማውቀው እጅ የተጻፈ ፖስታ አገኘሁ። ውስጡ ሁለት መስመር ነው ያለው። "ፋሲካ አለፈ። መምህሩ ተሻላቸው?" ይላል። ለመልሱ ማመላለሻ ብለው ያልተመታ ቴምብር አብረው ልከዋል። ቴምብሩ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።