ከኬቹዋ ገበሬዎች ቡና በቀጥታ መግዛት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት በፔሩ፣ ኩስኮ ክልል፣ ላ ኮንቬንሲዮን አውራጃ ካሉ የኬቹዋ ተናጋሪ ገበሬዎች ቡና በቀጥታ ለመግዛት ካሰቡ ቡና ቆዪዎች ነው።

ጥ፦ የገበሬ ማኅበሩን ትተን ከየቤተሰቡ ብንገዛስ?

መ፦ አያዋጣም። ብዙው ቤተሰብ ከ1 እስከ 3 ሄክታር ማሳ ነው ያለው፤ ባለ20 ጫማ ኮንቴይነር ደግሞ ባለ69 ኪሎ 275 ጆንያ ይፈልጋል። ቡናውን አሰባስቦ፣ አስቀሽሮ (የፍሬውን ደረቅ ልባስ፣ ቀሽሩን አስወልቆ)፣ የአንዲስን ተራሮች አሻግሮ ካያኦ ወደብ የሚያደርሰው ማኅበሩ ነው። ከማኅበሩ ጋር ተዋዋሉ፤ ሒሳቡን ግን ክፈቱልን በሉ።

ጥ፦ በፓውንድ 1.80 ዶላር ከከፈልን ገበሬው እጅ ይገባል?

መ፦ አይገባም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1.80 ዶላር ፌርትሬድ (ለገበሬ ፍትሐዊ ዋጋ እንዲከፈል ደንብ የሚያወጣው ድርጅት) እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ወዲህ ለታጠበ አረቢካ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ የሚከፈለውም ወደብ ላይ፣ ለማኅበሩ። የፔሩ ኩንታል 46 ኪሎ ፍሬ ቡና ነው (2.7 ፈረሱላ ገደማ)፤ ስለዚህ በኩንታል 182 ዶላር ተኩል አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ላይ ማጓጓዣ፣ ማበጠሪያና የብድር ወለድ ይነሳል።

ገበሬው የሚያስረክበው ከነቀሽሩ ስለሆነ ክፍያው በናሙና ይወሰናል። ለምሳሌ 400 ግራም ተመዝኖ ይቀሸራል፤ የተነቀዘውና የጠቆረው ይለቀማል፤ 300 ግራም ከቀረ ውጤቱ 75 በመቶ ነው። ውጤቱ ወደ 70 ከወረደ፣ አንድ ኩንታል ፍሬ ለመሙላት 61 ኪሎ ይበቃ የነበረው ከነቀሽሩ 66 ኪሎ ይሆናል። ሚዛኑና የእርጥበት መለኪያው በገዢ እጅ ብቻ ከሆነ ጭቅጭቅ አይቀርም። ገበሬው ፊት ይመዘን፤ ደረሰኙ ላይም ክብደቱ፣ እርጥበቱና ውጤቱ ይጻፉ።

ጥ፦ ገንዘቡ መቼ ቢላክ ይሻላል?

መ፦ ለቀማው ሳይጀመር፣ በመጋቢት። ከሚያዝያ ጀምሮ ለቃሚው ጥሬ ገንዘብ ይጠብቃል። የማኅበሩ ካዝና ባዶ ከሆነ አባሉ መንገድ ዳር ለቆመው ሰብሳቢ ይሸጥና የእናንተ ውል ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በፌርትሬድ ደንብ ማኅበሩ ከጠየቀ ገዢው የውሉን ዋጋ እስከ 60 በመቶ በቅድሚያ እንዲያቀርብ ይጠበቃል።

ጥ፦ ተጋግዘው ስለሚለቅሙ የጉልበት ወጪ የላቸውም ይባላል። እውነት ነው?

መ፦ አይኒ የሚሉት የእኛው ወንፈል ነው፦ ዛሬ ለእኔ ትለቅማለህ፣ ነገ እኔ ላንተ። ገንዘብ አይቆጠርበትም እንጂ ቀኑ ብድር ነው። የምርት ወጪ ስታሰሉ እያንዳንዱን የአይኒ ቀን በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ቁጠሩት፤ አለዚያ ወጪው አንሶ ይታይና በዚያው ልክ ዋጋ ትቆርጣላችሁ።

ጥ፦ ከዋጋው ሌላ መርዳት ብንፈልግ ምን እንግዛላቸው?

መ፦ የማድረቂያ አልጋና የፕላስቲክ ጣራ። ገበሬው በየቤቱ በእጅ መፈልፈያ ፈልፍሎ ራሱ ያጥባል፤ ቡናው የሚበላሸው በኋላ፣ መሬት በተነጠፈ ሸራ ላይ ሳለ ዝናብ ሲደርስበት ነው። አልጋው እስከ ወገብ ከፍ ይበል፤ ቡናው በስሱ ይሰጣ፤ ጣራው በሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። ከተዘጋ ሙቀቱ ታፍኖ ቀሽሩ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ይነሳ፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ጆንያ ከገባ ይሻግታል። መለኪያ ከሌለ አንዷን ፍሬ ከቀሽሯ አውጥቶ መንከስ ነው፤ ጥርስ ከገባባት ገና ናት።

ጥ፦ አውሮፓ ለማስገባት የማሳ ካርታ ያስፈልጋል?

መ፦ የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ ያወጣው ደንብ ማሳው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ካነሰ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ የሚወሰደው ግን ከቡናው መሃል ነው፤ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የሚመዘግብ ሞልቷል።

ጥ፦ ውሉስ በምን ቋንቋ?

መ፦ በስፓኒሽ ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊት በጉባኤ ላይ በኬቹዋ ይነበብ። የዋጋው አንቀጽ ሁለት ጊዜ።