ጠበቃው ባጠፋ እኔ ልታሰር?

ሰሞኑን አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጠበቃ በወጉ ሳይከራከር ቀርቶ ሰው ሲፈረድበት ምን ይደረጋል?

"ወንድሜ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበር የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጠበቃው አልጠራቸውም። ይህ ይበቃል?"

ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በስትሪክላንድ ጉዳይ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲረጋገጥ ጠይቋል። አንዱ፣ ጠበቃው ከሙያው የሚጠበቀውን አለመሥራቱ ነው። ሌላው፣ ያ ጥፋት ባይኖር ውጤቱ ሊለወጥ የሚችልበት አሳማኝ ዕድል መኖሩ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። "ስልክ አያነሳም ነበር" የሚለው አንጀት ያቃጥላል፤ ዳኛ ፊት ግን አያስኬድም። ምስክሮቹን አነጋግሮ ነው የተዋቸው ወይስ ጭራሽ አላናገራቸውም? ልዩነቱ ትልቅ ነው። አስቦበት ከተዋቸው፣ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ የመከራከሪያ ስልት ነው ብሎ ያልፈዋል። ምን ሊመሰክሩ እንደነበር ዛሬውኑ በመሐላ አስፈርማችሁ ያዙ።

"ጠበቃዬ ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ግሪን ካርድህን አይነካም አለኝ። አሁን ዲፖርት ልደረግ ነው።"

በዚህ ዓይነት ምክር የተበተነ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሆዜ ፓዲያ የሆንዱራስ ተወላጅ ነው። ለአሜሪካ ቬትናም ዘምቷል፤ ከ40 ዓመት በላይ በአገሪቱ ኖሯል። እሱንም ጠበቃው ብዙ ስለኖርክ አትስጋ ብሎት ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2010 ጠበቃ ስለ ዲፖርቴሽን የመምከር ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ከዚያ በፊት ላለቁ መዝገቦች ግን ውሳኔው ወደ ኋላ አይሠራም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2017 የተወሰነው የጄ ሊ ጉዳይ ነው። ሊንም ጠበቃው ጥፋተኛ ነኝ ቢል ዲፖርት እንደማይደረግ ነግሮት ነበር። ማስረጃው ከብዶበት ነበር። ግን ጥፋቱን ባመነበት ቀን፣ ዲፖርት የመደረጉ ነገር ውሳኔውን ይነካው እንደሆነ ዳኛው ሲጠይቁት አዎ ብሏል። ያ ቃል መዝገቡ ላይ ስለነበር ጠቀመው፤ ረታ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የዚያን ቀን የችሎት ቃል ግልባጭ ያውጡ።

"ይግባኝ በልልኝ ብዬው ቀኑን አሳለፈብኝ።"

እዚህ ላይ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በ2019 በጋርዛ ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ይግባኙን እረታ ነበር ብለው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ ያመለጠው ይግባኝ ይመለስልዎታል። መጠየቅዎን የሚያሳይ ቴክስት ወይም ደብዳቤ ይፈልጉ። ጊዜው ግን አይጠብቅም። በፌዴራል መዝገብ ይግባኝ የሚጠየቀው በ14 ቀን ውስጥ ነው። በጠበቃ ጥፋት የሚቀርበው አቤቱታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ የ1 ዓመት ገደብ አለው። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ቀን አላቸው።

"ለዚህ ክርክር መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል?"

አቅም ከሌለዎት ለመጀመሪያው ይግባኝ አዎ። ከዚያ በኋላ ለሚቀርበው አቤቱታ ግን ሕገ መንግሥቱ ይህን መብት አይሰጥም። ዳኛው ሊያቆሙልዎ ስለሚችሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአቅራቢያዎ የሕግ ትምህርት ቤት ካለ፣ በነፃ የሚረዱበት ክፍል እንዳላቸው ደውለው ይጠይቁ።