መልስ፦ ዕቅዴ ለምን ጥቅምት አይደርስም?

ወንድሜ፣ በየመስከረሙ «ጫት ትቼ የማታ ትምህርቴን እጨርሳለሁ» ትልና ጥቅምት ሳይገባ ዕቅዱ ይጠፋብሃል። ራዕይህ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ሰዓትና ቦታ ነው። ጅማ ውስጥ ከምሳ በኋላ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ጓደኛ ይደውላል፣ በርጫው ይጀመራል፣ ቀኑ አለቀ። (ከተማችን ለዚህ አታግዝም፣ እውነቱን እናውራ።) ስለዚህ ስልኩ ሳይጮህ ወስነህ ጻፈው፦ «ከምሳ በኋላ ከተደወለልኝ፣ ‹ቅዳሜ ቡና እንገናኝ› ብዬ ቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ነው። ከባዶ ምኞት በጣም ይሻላል።

በ21 ቀን ትለወጣለህ የሚሉህን ደግሞ ተዋቸው። ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት አዲስ ልማድ ለመልመድ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ግምቱ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም።

ጫት መተዉንና ትምህርቱን ባንዴ አትጀምር። እኔ ብሆን ከትምህርቱ እጀምር ነበር፤ የበርጫውን ሰዓት ይወስድልሃል። ጫቱ እንቅልፍ የሚነሳህ ወይም የሚያስጨንቅህ ከሆነ ግን ሐኪም አማክር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።