ሁሉም ሴት ከሆኑ ማን ያስረግዛቸዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ማርታ ነኝ። ሀይቅ ውስጥ ስለሚኖር ትንሽዬ ጄሊፊሽ ሳነብ አንዱ ሀይቅ ላይ የተያዙት በሙሉ ሴት፣ ሌላው ላይ ደሞ በሙሉ ወንድ ናቸው ይላል። ታዲያ እንዴት ነው የሚራቡት? ዘራቸው አይጠፋም? ፆታቸውስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ማርታ፣ በዚህ ምክንያት እንኳን አይጠፉም። ያነበብሽው ስለ ክራስፔዳኩስታ ሶወርቢ ይመስለናል፣ መነሻው ቻይና የያንግዜ ወንዝ አካባቢ ነው፣ ሳይንስ ያወቀው ግን በ1880 እ.ኤ.አ. ለንደን ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ የውሀ አበባ የሚበቅልበት ገንዳ ላይ ነው፣ ዛሬ ብዙ አህጉር ላይ አለ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጃንጥላ መስሎ የሚዋኘው ሜዱሳ የእንስሳው ግማሽ ህይወት ብቻ ነው። ሌላኛው ፖሊፕ ይባላል፣ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ድንጋይና ተክል ላይ ተጣብቆ ይኖራል፣ ማንም አያየውም፣ ግን ዘሩን የሚያቆየው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ወንድም ሴትም ሳያስፈልገው ከራሱ አካል እያበቀለ ይባዛል፣ ኑሮ ሲከፋበት ደሞ ሽፋን ለብሶ ይተኛል። ውሀው ሞቅ ሲል ሜዱሳ ያወጣል፣ እነሱም የሱ ኮፒ ስለሆኑ ፆታቸው አንድ ይሆናል። ስለዚህ ከውሀ ተክል ጋር ተጣብቆ አንድ ፖሊፕ ብቻ ሀይቁ ከደረሰ ሀይቁ በሙሉ ሴት ወይ በሙሉ ወንድ ሆነ ማለት ነው። ሜዱሳው አንድ አመት ታይቶ በሚቀጥለው ሊጠፋ ይችላል፣ ብርቅ የሚባለውም ለዚህ ነው እንጂ ፖሊፑ እኮ እዛው ነው ያለው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፦ ወንድና ሴት ሲገናኙ እንቁላሉና ስፐርሙ ውሀ ውስጥ ተዋህዶ እጭ ይሆናል፣ እጩም አዲስ ፖሊፕ። ይሄ ከሌለ ጂን አይቀላቀልም፣ ሁሉም ኮፒ ከሆኑ ደሞ አንዱን የሚገድል ነገር ሁሉንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሜዱሳ ቆጥሮ "ይሄን ያህል ወንድ፣ ይሄን ያህል ሴት" ማለት ብቻውን ብዙም አይነግረንም፣ ፖሊፑ መፈለግ አለበት። ባህር ውስጥ ያለው ኮምፓስ ጄሊፊሽ ጋ ደሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ወንድ ሆኖ ቆይቶ ሲያድግ ሴት ይሆናል፣ ትንንሾቹን ብቻ የያዘ ሰው ሴት የለም ሊል ነው።

ፆታውን ለመለየት ከጃንጥላው ስር የተንጠለጠሉትን አራት ከረጢቶች በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፣ ክብ ክብ እንቁላል ከታየ ሴት ናት።