ክረምቱን ከልጆች ጋር ዋሉ

ሰኔ ሲጋመስ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይደውሉልኛል። "ጋሼ፣ አፓረንት የምንወጣበት፣ የሥራ ልምምድ የምናደርግበት ቢሮ አያውቁልንም?" ይላሉ። አውቃለሁ። ግን ቢሮው ይቆያችሁ፣ መጀመሪያ የልጆች ካምፕ ግቡ እላቸዋለሁ። ስልኩ ዝም ይላል። "የውኃ መሐንዲስ ሆኖ ሕፃን ጠብቁ ይለናል" ብለው ሳያሙኝ አይቀሩም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ክረምቱን የዋልኩት ጮቄ ተራራ ሥር፣ ከረቡዕ ገበያ ወጣ ብሎ በነበረ የልጆች ካምፕ ነው። የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጉሙ ወርዶ ድንኳን ውስጥ ያድራል። እንጨቱ እርጥብ፣ ካልሲው እርጥብ። ግን ድንች በረመጥ ጠብሰን በሚጥሚጣ ስንበላ! ያንን ጣዕም የትም ሆቴል አላገኘሁትም።

አንድ ሌሊት ዝናቡ ወረደና ጎርፍ ድንኳናችን ገባ። ሲነጋ ቦይ እንቆፍር ተባለ። የከተማዎቹ ልጆች አካፋ ይዘው ቀጥ አድርገው ቁልቁል ሊያወርዱት ሲሉ፣ አንድ የአካባቢው ገበሬ ልጅ አስቆማቸው። አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። "እንዲህ ከለቀቃችሁት መሬቱን ይቦረቡረዋል" አለ። በዱላው መሬቱን ጭሮ አሳየን። መስመሩ ዳገቱን አግድም ይዞ ትንሽ ብቻ ያዘነብላል። አባቱ ገብስ ማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ እኮ ነው። ውኃው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አፈሩን አይጠርግም። ኋላ ክፍል ውስጥ ስለ ተዳፋትና ስለ ውኃ ፍጥነት ስማር ቀመሩ ብዙም አልከበደኝም።

ደግሞ ልጅ ይሉኝታ የለውም። ወሬያችሁ ከሰለቸው፣ መሐንዲስ ሁኑ ሚኒስትር፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ገበሬ ሰብስቤ ስለ መስኖ ሳስረዳ የጠቀመኝ ይኸው ነው፤ አሳጥሮ፣ እያሳዩ መናገር።

ቡሄማ ለብቻው ነው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ መንደሩ በጅራፍ ጩኸት ይናጋል። ከባሕር ዳር የመጡት ልጆች ጅራፍ መግመድ አያውቁም ነበር፤ የመንደሩ ልጆች እየሳቁባቸው አስተማሯቸው። ሙልሙሉን ግን እኩል ነው የተሻሙት።

ክፍያው? የሻይ ነው፣ አትጠይቁኝ። ከሄዳችሁ ቦት ጫማ ያዙ፤ ሸራ ጫማ እዚያ ድርሽ አይበል። ተረት አናውቅም ብላችሁም አትቅሩ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ እንቅልፍ እስኪነሷችሁ ድረስ።