የፋብሪካ ሂደት እውቀት በኦንቶሎጂ ይያዝ ወይ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህ «የምርት ሂደታችን እውቀት ግማሹ ኤክሴል ላይ ግማሹ የነባር ሰራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ በሴማንቲክ ዌብ ማደራጀት ያዋጣል ወይ፣ ከየት ልጀምር» ነው አይደል። ሴማንቲክ ዌብ ማለት ዳታን ኮምፒውተር ትርጉሙን እንዲረዳው አድርጎ ማያያዣ ዘዴ ነው፣ ኦንቶሎጂ ደግሞ በዛ ውስጥ የነገሮቹን አይነትና ግንኙነት የሚገልጸው ነው። እኔ የሰራሁት ፕላስቲክ ኢንጀክሽን ላይ (የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ በሚባል ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት እየከተቱ እቃ ማምረት) ስለሆነ ምሳሌዬም ከዛው ነው።

ያዋጣል፣ ግን ፕሮቴጄን (የኦንቶሎጂ መስሪያ ሶፍትዌር ነው) ከፍተህ ማሽን፣ ሞልድ፣ ማቴሪያል እያልክ የክላስ (የነገር አይነት) ዛፍ በመሳል እንዳትጀምር፣ እሱ ስራ ደስ ይላል ግን አያልቅም። መጀመሪያ ኦፕሬተሮቹ ሺፍት ላይ ሆነው የሚጠይቁትን ሰብስብ። «ይሄ ሞልድ ባለፈው በዚ ማቴሪያል ሲሰራ ሴቲንጉ ስንት ነበር?» ምናምን። እያንዳንዱ በኋላ የስፓርክል (ከእንዲህ ያለ ዳታ መልስ የሚወጣበት ቋንቋ) ጥያቄ ይሆንልሃል፣ አንዱንም ጥያቄ ለመመለስ የማይጠቅም ክላስ ካለ አውጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። አርዲኤፍ (የሴማንቲክ ዌብ ዳታ የሚጻፍበት መንገድ) ሁሉን ነገር በሶስት በሶስት ነው የሚይዘው፣ ስለዚ ቶሎ ብለህ «ስርጉድ፣ መፍትሄው፣ የማቆያ ግፊት መጨመር» ብለህ ትጽፋለህ (ስርጉድ የእቃው ላይ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ነው፣ የማቆያ ግፊት ደግሞ ሞልዱ ከሞላ በኋላ ፕላስቲኩን ገፍቶ የሚይዘው ነው)። ነባሩ ቴክኒሻን ግን እንደዛ አይልህም እኮ፣ እሱ የሚልህ እቃው ወፍራም ከሆነ ግፊቱን ጨምር፣ ፕላስቲኩ የሚገባበት ቀዳዳ ቀድሞ ከደረቀ ግን ብትጨምርም ዋጋ የለውም፣ ከልክ በላይ ከጨመርክ ደግሞ በሞልዱ መገጣጠሚያ ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣብሃል ነው። እውቀቱ ያለው እዛ «ከሆነ» ላይ ነው። ስለዚ መሀል ላይ ራሱን የቻለ ኖድ (ሌሎቹ መረጃዎች የሚያያዙበት ነጥብ) ፍጠርለት፣ ጉድለቱን፣ ምክንያቱን፣ የሚሰራበትንና የማይሰራበትን ሁኔታ፣ ማን መቼ እንደተናገረው ሁሉንም እሱ ላይ አያይዝ። ለማንና ለመቼ ፕሮቭ-ኦ የሚባል ዝግጁ ኦንቶሎጂ አለልህ፣ ከ2013 ጀምሮ የደብልዩ ስሪ ሲ (የዌብ ስታንዳርድ የሚያወጣው ድርጅት) ስታንዳርድ ነው፣ አዲስ አትፍጠር።

ሴቲንግ ሺቱ ላይ የተጻፈው የማሽን ሴቲንግና በተግባር የተሰራበት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ከጅምሩ ለያያቸው።

ሌላው ኦውል ነው፣ የኦንቶሎጂ ክላሶችና ህጎች የሚጻፉበት ቋንቋ። ናይለን እርጥበት ስለሚስብ ሳይደርቅ ከተሰራ ላዩ ላይ ብርማ መስመር ያወጣል፣ አንተም «የናይለን ስራ ሁሉ የማድረቂያ ሙቀት አለው» ብለህ ጻፍክ እንበል። ኦፕሬተሩ ሳይሞላ ቢያልፈው ሪዝነሩ (ከህጎቹ ድምዳሜ የሚያወጣው ፕሮግራም) ዝም ነው የሚልህ፣ ያልተነገረውን የለም ብሎ አይወስድማ፣ የሆነ ቦታ ይኖራል ብሎ ያልፋል። ስለዚ ኦውል የጎደለ ዳታ ማግኛ አይደለም፣ ለዛ በ2017 የወጣውን ሻክል (ዳታው ደንቡን ማሟላቱን መፈተሻ ቋንቋ) ተጠቀም፣ እሱ የጎደለውን መዝገብ ለይቶ ያሳይሃል።

ማሽኖቻችሁ ጥቂት ከሆኑና ዳታው ከአንድ ሲስተም የሚመጣ ከሆነ ግን ተራ ዳታቤዝ ይበቃችኋል፣ እኔ ይሄን ቴክኖሎጂ ብወደውም እንደዛ ነው የምልህ። የሚያዋጣው ያው አንዱ እቃ በጥራት ክፍል፣ በጥገና እና በምርት ሲስተም ላይ በተለያየ ስም ሲጠራ ነው።

ለጊዜው በጣም የሚመላለስባችሁን አንድ ጉድለት ብቻ ያዝና ቴክኒሻኑ ጎን ቁጭ ብለህ መፍትሄውን ሲነግርህ «ይሄ የማይሰራው መቼ ነው?» እያልክ ጠይቀው።